ባትሪውን ራሴ እቀይራለሁ ላልሽኝ ልጄ

ልጄ፣ እንደምን አለሽ?

መልእክትሽን አየሁት። መኪናው አልነሳ ብሎሽ፣ ባትሪው ሞቷል ተብለሽ፣ "መካኒክ አልጠራም፣ ራሴ ነኝ የምቀይረው" ማለትሽ በጣም ደስ አሰኝቶኛል። ትችያለሽ። በስልክ ብነግርሽ ግማሹ ስለሚቀር ነው ቁጭ ብዬ የጻፍኩልሽ፤ መፍቻ ከማንሳትሽ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቢው።

መጀመሪያ ግን ልጠይቅሽ፣ መሞቱን በምን አወቅሽ? ብዙ ሰው መኪና እምቢ ሲለው ሮጦ ባትሪ ይገዛል፣ ከዚያ አዲሱም በሳምንቱ እንደ አሮጌው ሲሆንበት ግራ ይገባዋል። ቁልፉን ስታዞሪው ቀጭ ቀጭ ቀጭ ብቻ እያለ የዳሽቦርዱ መብራት የሚደበዝዝ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ባትሪው ነው። መብራቱ ደምቆ እየበራ አንዴ ቀጭ ብሎ ዝም የሚል ከሆነ ግን ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖም ሊሆን ይችላል። ኮፈኑን ክፈቺና ሁለቱን ተርሚናሎች፣ ማለትም ገመዶቹ የሚታሰሩባቸውን የባትሪውን ጫፎች፣ ተመልከቺ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ነገር ከተጋገረባቸው፣ ወይም የገመዱ መያዣ በእጅ ሲነኩት የሚዞር ከሆነ፣ ባትሪው ደህና ሆኖ ኤሌክትሪኩ ማለፊያ አጥቶ ሊሆን ይችላል። ተጠርጎ፣ ጠበቅ ተደርጎ ለሚስተካከል ነገር ገንዘብ አታውጪ።

ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ካለሽ ደግሞ መገመት አያስፈልግሽም። መኪናው ጥቂት ሰዓት ቆሞ ሳለ ቀዩን ጫፍ ፖዘቲቩ (+) ላይ፣ ጥቁሩን ኔጋቲቩ (−) ላይ አድርጊ። 12.6 ቮልት አካባቢ ካነበበ ባትሪው ሙሉ ነው፣ 12.2 ከሆነ ግማሽ ያህል ቀርቶታል፣ ከ12 በታች ከወረደ ባዶ ነው በይው። ባዶ ሆነ ማለት ደግሞ ሞተ ማለት አይደለም። መብራት ሳይጠፋ አድሮ ከሆነ ቻርጅ ሲደረግ ይመለሳል። በደንብ ቻርጅ ተደርጎ በማግስቱ ከወረደ ግን በቃው። ዕድሜውንም አስቢ፤ አብዛኛው ባትሪ ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው የሚያገለግለው። ሰው ብርድን ይወቅሳል እንጂ ባትሪን ውስጥ ውስጡን የሚጨርሰው ሙቀት ነው፤ ብርዱ የሚያደርገው አስቀድሞ የተጎዳውን ማጋለጥ ነው።

መሞቱ ከተረጋገጠ፣ አዲሱን ልትገዢ ስትሄጂ የአሮጌውን ፎቶ ከላይም ከጎንም አንስተሽ ያዢ። ርዝመቱ፣ ስፋቱ፣ ቁመቱ፣ የአምፒር መጠኑ አንድ መሆን አለበት። ፖዘቲቩ በየት በኩል እንደሆነም ተመልከቺ፣ ምክንያቱም መጠኑ ልክ ሆኖ ተርሚናሎቹ ከተገላበጡ ገመዱ አይደርስልሽም። ቆም ስትይ ሞተሩ በራሱ የሚጠፋና በራሱ የሚነሳ መኪና ከሆነ ኤጂኤም ወይም ኢኤፍቢ የሚባለውን ዓይነት ነው የሚፈልገው፤ ተራውን ከገጠምሽለት ቶሎ ይጨርሰዋል። አንዳንድ መኪና ደግሞ አዲስ ባትሪ መግባቱ ለኮምፒውተሩ ካልተመዘገበለት አያምርለትም፣ ስለዚህ ከመኪናው ጋር የመጣውን መጽሐፍ አንዴ ገለጥ አድርጊው። የተመረተበትንም ቀን ጠይቂ፣ መደርደሪያ ላይ ለወራት የተቀመጠ ባትሪ ሳይሠራ ይደክማል።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፤ እባክሽ እዚህ ላይ አትቸኩይ።

ቀለበትሽን፣ ሰዓትሽን፣ አምባርሽን አውልቂ። መኪናውን አጥፊና ቁልፉን አውጥተሽ ኪስሽ ውስጥ ክተቺው፣ በሩ በራሱ ሊቆለፍ ይችላል። 12 ቮልት በእጅ ቢነኩት አይነዝርም፣ ሰውም የሚዘናጋው በዚህ ነው። አደጋው ያለው ብረት በሁለቱ ተርሚናሎች መካከል ሲገባ ባትሪው በአንዴ በመቶዎች የሚቆጠር አምፒር በመልቀቁ ነው። ቀለበት በዚያ መሃል ከገባ በቅጽበት ግሎ ጣትሽን ያቃጥለዋል።

መጀመሪያ የሚፈታው ኔጋቲቩ ነው። ለምን? የመኪናው ቦዲ በሙሉ ከኔጋቲቩ ጋር የተያያዘ ነው። ኔጋቲቩ ሳይፈታ ፖዘቲቩን ልትፈቺ መፍቻ ብታስገቢ፣ የመፍቻው ሌላኛው ጫፍ የትኛውንም የቦዲ ብረት ከነካ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭን በቀጥታ አገናኘሽ ማለት ነው። እሳት ይረጫል፣ መፍቻው እዚያው ሊጣበቅ ይችላል፣ ባትሪ ደግሞ ሃይድሮጂን ጋዝ ስለሚያወጣ ሊፈነዳም ይችላል። ኔጋቲቩ ቀድሞ ከተፈታ ግን መፍቻሽ ቦዲውን ቢነካም ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት መንገድ ስለሌለው ምንም አይሆንም። ስትገጥሚ ተገላቢጦሽ ነው፣ ፖዘቲቩ ቀድሞ ኔጋቲቩ መጨረሻ። ምክንያቱ ከገባሽ ቅደም ተከተሉን መሸምደድ አይኖርብሽም፣ እጅሽ ራሱ ያውቀዋል።

የትኛው የትኛው እንደሆነ በገመድ ቀለም አትለዪ። ከአንቺ በፊት የነበረ ባለመኪና ይሁን መካኒክ፣ ገመድ የቀየረ ሰው ያገኘውን ቀለም ነው የሚያስረው። ባትሪው ላይ የተቀረጸውን የመደመርና የመቀነስ ምልክት አንብቢ። ፖዘቲቩ ተርሚናል ከኔጋቲቩ ትንሽ ወፈር ያለ ነው፣ ጎን ለጎን ካየሽው ይለያል።

ብዙ ጊዜ 10 ቁጥር መፍቻ ይበቃሻል። ዳዶውን አላዪውና መያዣውን ግራ ቀኝ እያወዛወዝሽ ወደ ላይ ሳቢው፤ ካቻቢቴ አስገብተሽ አትፈልቅቂው፣ ተርሚናሉ እርሳስ ስለሆነ ይጎዳል። የተፈታውን ገመድ በደረቅ ጨርቅ ጠቅልለሽ ወደ ጎን አድርጊው፣ አለበለዚያ ተመልሶ ይመጣና ይነካል። ከዚያ ፖዘቲቩን፣ ከዚያ ባትሪውን ጠፍንጎ የያዘውን ብረት ፍቺ።

ስታነሺው ተጠንቀቂ። ከ15 እስከ 20 ኪሎ ሊመዝን ይችላል፤ ትንሽ ሳጥን ይመስላል እንጂ ውስጡ እርሳስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1859 ጋስቶን ፕላንቴ የሚባል ፈረንሳዊ የሠራው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ነው እስከ ዛሬ በመሠረቱ ያው ሆኖ መኪና የሚያስነሳልን፣ እኔን ሁሌ ይገርመኛል። ወገብሽን አጉብጠሽ አታንሺው፣ ወደ ሰውነትሽ አስጠግተሽ ቀጥ አድርገሽ ያዢው፣ አታዘንብዪው። አሲድ ስላለው ጓንትና መነጽር አድርጊ። ቆዳሽን ከነካሽ ወዲያው በብዙ ውሃ ታጠቢ፤ ዓይንሽ ከገባ ቢያንስ 15 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ አጥበሽ በቀጥታ ወደ ሐኪም ነው።

አዲሱ ከመግባቱ በፊት የገመዶቹን መያዣ አጽጂ። ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጠሽ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ስትቀቢው አረፋ ይነሳበታል፤ አሲዱ እየረከሰ ነው ማለት ነው። አረፋው ሲቆም እጠቢና አድርቂው፣ የመያዣው ውስጥ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ፈትጊው።

ባትሪውን አስቀምጪ፣ ጠፍናጊውን ብረት አጥብቂ። ይህን ሰው ይንቀዋል፣ ግን ላላ ብሎ የሚንቀጠቀጥ ባትሪ ውስጡ ያሉት የእርሳስ ሳህኖች እየተራገፉ ዕድሜው ያጥራል። ከዚያ ፖዘቲቩን፣ በመጨረሻ ኔጋቲቩን። ኔጋቲቩን ስታስነኪ ትንሽ ብልጭታ ብታዪ አትደንግጪ፣ ያለ ነው። በእጅሽ ስታወዛውዢው የማይዞር ከሆነ በቂ ነው፣ ከዚያ በላይ አትጨምቂው። ከላይ ትንሽ ግራሶ ወይም ቫዝሊን ቀቢበት።

አስነሺው። ሰዓቱ ወደ መጀመሪያው ተመልሶ ታገኚዋለሽ፣ ሬዲዮው ኮድ ሊጠይቅሽ ይችላል (አስቀድመሽ ፈልጊው)፣ የመስኮቱም አውቶማቲክ እንደገና ማስለመድ ሊፈልግ ይችላል።

ሞተሩ እየሠራ እንደገና ለኪ። ከ13.5 እስከ 14.7 ቮልት ካነበበ ዲናሞው እየሞላው ነው። 12 ላይ ከቆመ ወይም እየወረደ ከሄደ ጥፋቱ የዲናሞው ነው፣ ባትሪ ብትቀያይሪ አይድንም። አንድ ሰው መጥቶ "ሞተሩ እየሠራ ገመዱን ንቀዪው፣ ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው" ቢልሽ እንዳትሰሚው፤ በዚያች ቅጽበት የሚዘለው ቮልት የመኪናውን ኮምፒውተር ሊያቃጥለው ይችላል።

አሮጌውን ቆሻሻ ውስጥ አትጣዪው፣ መርዝ ነው። ለባትሪ ሻጭ መልሺው፣ እርሳሱ ቀልጦ እንደገና ባትሪ ይሆናል።

ስትጨርሺ ሞተሩ እየሠራ ያነበብሽውን ቁጥር ላኪልኝ። ከ13.5 በታች ከሆነ ሩቅ ቦታ ሳትሄጂበት ደውዪልኝ፣ ዲናሞውን እንዴት እንደምናየው አብረን እንነጋገራለን።

አባትሽ