አምቤድካር ሕገ መንግሥቱን «ብቻቸውን» አልጻፉትም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የህንድ ሕገ መንግሥት በተነሣ ቁጥር «ዶክተር አምቤድካር ብቻቸውን ጻፉት» መባሉ የተለመደ ነው። ውዳሴው ከልብ ቢሆንም እሳቸው ራሳቸው አልተቀበሉትም። ኖቬምበር 25 ቀን 1949 (ቀኖቹ ሁሉ በጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው) ሕገ መንግሥቱን ባወጣው የሕገ መንግሥት ጉባኤ ባሰሙት ንግግር፣ ምስጋናው የመጀመሪያውን ረቂቅ ላሰናዱት አማካሪ ለቢ ኤን ራው እና ለዋና አርቃቂው ለኤስ ኤን ሙከርጂም እንደሚገባ ተናግረዋል።

የአምቤድካር ድካም ሌላ ቦታ ነበር። በ1947 ሰባት አባላት ያሉት አርቃቂ ኮሚቴ ሲቋቋም ሊቀ መንበር ሆኑ። የጉባኤው አባል ክሪሽናማቻሪ እንዳስረዱት፣ ከኮሚቴው አባላት አንዱ ለቅቆ ሌላ ተተካ፣ አንዱ ሞቶ ቦታው ባዶ ቀረ፣ አንዱ አሜሪካ ነበር፣ የቀሩትም በሥራም በርቀትም ተያዙ። ሸክሙ ሊቀ መንበሩ ላይ ወደቀ። 315 አንቀጾች ባሉት ረቂቅ ላይ 7,635 ማሻሻያዎች ቀረቡ፤ 2,473ቱ ለክርክር ደረሱ። የሚቀበሉትን እየተቀበሉ፣ የሚቃወሙትን በምክንያት እየጣሉ አብዛኛውን ጊዜ መልስ የሚሰጡት አምቤድካር ነበሩ። ይህ የደራሲ ሳይሆን የጠበቃ ሥራ ነው።

ጠበቃነቱም ከባድ መንገድ አልፎ የመጣ ነው። በ1891 ምሆው ከተማ ውስጥ በህንድ የዘር ተዋረድ (ካስት) ከታች ተጥለው ንክኪያቸው ያረክሳል ተብለው «የማይነኩ» ከሚባሉት ማኅበረሰቦች አንዱ ከሆኑት ከማሃሮች ተወለዱ። በባሮዳ ገዢ ወጪ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተማሩ፤ ከዚያ ለንደን ገብተው ኢኮኖሚክስና ሕግ አጠኑ፤ ተመልሰውም ቦምቤይ ውስጥ ጥብቅና ቆሙ።

የማሃድ ከተማ ኩሬ ጉዳይ ብዙ ያስረዳል። የከተማዋ ማዘጋጃ ቤት የቻቭዳር ኩሬን ለሁሉም ክፍት ቢያደርግም ውሳኔው ወረቀት ላይ ቀረ። ማርች 20 ቀን 1927 አምቤድካር ሕዝብ መርተው ሄደው ውሃውን ጠጡ። ተቃዋሚዎች ኩሬውን በላም እበትና ሽንት ከርኩሰት «አነጹት»፤ ቀጥሎም ኩሬው የግል ነው ብለው ክስ መሠረቱ፣ የእግድ ትእዛዝም አወጡ። አምቤድካር በዚያው ዓመት ዲሴምበር በተደረገው ሰልፍ እግዱን አከበሩ። ሙግቱ አሥር ዓመት ያህል ፈጅቶ በ1937 የቦምቤይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የተቃዋሚዎቹን ይግባኝ ጣለው፤ ሌሎችን የመከልከል ልማዱ ከጥንት ጀምሮ የጸና መሆኑን ማስረዳት አልቻሉም ነበር።

አሁን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 15 ይመልከቱ፤ ማንም ዜጋ በካስቱ ምክንያት የማይከለከልባቸውን ቦታዎች ይዘረዝራል፦ በመንግሥት ገንዘብ በሙሉም ሆነ በከፊል የሚተዳደሩ ወይም ለሕዝብ አገልግሎት የተሰጡ ጉድጓዶች፣ ኩሬዎች፣ መታጠቢያዎች፣ መንገዶች። «ሁሉም እኩል ነው» ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር፤ ግን እንዲህ ያለውን ቃል ባላንጣ «ይህ የግል ነው» ብሎ ያመልጥበታል። «በከፊል» የምትለዋ ቃል ያንን ቀዳዳ ትደፍናለች። አንቀጽ 17 ደግሞ አለመነካትን ሲሽር ቅጣቱን ለዝርዝር ሕግ ተወ፤ ሕጉ እስከ 1955 አልወጣም። ይህ በእኛ ግምት ትልቁ ድክመቱ ነው።

ሌላው የሚዘነጋው ሥልጣን የለቀቁበት ጉዳይ ነው። የሕግ ሚኒስትር ሆነው የሂንዱ ሴቶችን የውርስና የጋብቻ መብት የሚያሰፋውን ረቂቅ ለማጸደቅ ታገሉ፤ ሲጓተትባቸው በሴፕቴምበር 1951 ለቀቁ። በተከታዩ ምርጫ ቦምቤይ ላይ ተሸነፉ። ረቂቁ ግን ተከፋፍሎ አራት ሕጎች ሆኖ ወጣ። የጋብቻው ሕግ በ1955፣ የውርሱና የአሳዳሪነቱ ሕጎች በ1956 ወጡ፤ እነዚህን ሦስቱን በሕይወት እያሉ አዩ። አራተኛው የጉዲፈቻና የቀለብ ሕግ ዲሴምበር 21 ቀን 1956 ሲጸና፣ አምቤድካር ካረፉ 15 ቀን ሆኗቸው ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣው አንባቢዎች