ከዓመት ዝምታ በኋላ፣ ከሞስታር

አንቺ ልጅ፣ እንዴት ነሽ?

«ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል፣ እኔ ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር ነበር። ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ እንደዚያ ብል በሳቅ ትፈርሻለሽ ብዬ ተውኩት። የላክሽልኝ ሦስት መልእክት አሁንም ስልኬ ላይ አለ። የመጨረሻው «ኧረ በሕይወት አለሽ?» ይላል። አለሁ።

ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ አልዋሽሽም። መብዛቱስ በዝቷል፤ ስድስት ትምህርት፣ በዚያ ላይ እስከ 4,000 ቃል የሚደርስ የጥናት ጽሑፍ፣ ስፖርቱ፣ የበጎ ፈቃድ አገልግሎቱ፣ ስብሰባው፣ ስብሰባ ደግሞ እዚህ አያልቅም። ግን ሰው ለሚወደው ሰው ሁለት መስመር መጻፊያ ጊዜ አያጣም። የጠፋሁት አፍሬ ነው። ምን እንዳሳፈረኝ እነግርሻለሁ፣ ትንሽ ድፍረት ላጠራቅም።

የዚህን ትምህርት ቤት ማመልከቻ ፎርም አብረን ስንሞላ ሞስታር የት እንዳለች በካርታ የፈለግሽው አንቺ ነበርሽ፣ ትዝ ይልሻል? ቦስኒያና ሄርዜጎቪና። ዩናይትድ ወርልድ ኮሌጅ የሚባሉት ትምህርት ቤቶች በብዙ አገር አሉ። የመጀመሪያው በ1962 ዌልስ ውስጥ ተከፈተ፣ የኛው በ2006 (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምነግርሽ፣ ለምጄዋለሁ)። ሐሳቡ የኩርት ሃን ነው። ጀርመናዊ አስተማሪ ነበር፣ ሂትለርን ተቃውሞ በ1933 ታስሮ በኋላ ወደ እንግሊዝ የተሰደደ። በ1955 የኔቶን የመኮንኖች ኮሌጅ ሲጎበኝ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ሲተኳኮሱ የነበሩ አገሮች መኮንኖች አብረው ሲማሩ አየ። ጎረምሶችስ ለምን እንዲህ አይማሩም የሚለው ሐሳብ ከዚያ መጣለት።

የምንማረው ጂምናዚያ በሚባለው የድሮ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ብርቱካንማ፣ ቤተ መንግሥት የሚመስል ሕንፃ ነው፣ በ1990ዎቹ የቦስኒያ ጦርነት ጊዜ ግን የውጊያው መስመር አጠገቡ ስለነበር ክፉኛ ተመቶ ነበር። በዚያው ሕንፃ ውስጥ የከተማው ልጆችም ይማራሉ። ያኔ ሲዋጉ የነበሩት የሁለቱ ሕዝቦች ልጆች ናቸው፤ ክሮአቶቹ በራሳቸው ሥርዓተ ትምህርት፣ ቦስኒያኮቹ በራሳቸው። አስተዳደሩ ከ2004 ጀምሮ አንድ ሆኗል፣ ክፍሉ ግን ለየብቻ ነው። አንድ ደረጃ አብረው ይወጡና ላይ ሲደርሱ ይለያያሉ። መጀመሪያ ሳምንት ይህን አይቼ በጣም ፈረድኩባቸው። እንግዳ ሲፈርድ ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ ምንም አይከብደውም።

ከዚያ የቡናው ነገር መጣ። ቋንቋቸው እርስ በርስ ያግባባል፣ ስሙ ግን ቦስኒያኛ፣ ክሮኤሽያኛ፣ ሰርቢያኛ እየተባለ ይለያያል። ቡናን ቦስኒያኮቹ ብዙውን ጊዜ ካሕቫ ይሉታል፣ ክሮአቶቹ ካቫ፣ ሰርቦቹ ካፋ። እኔ ካቫ የሚለውን ብቻ ሸምድጄ ቦስኒያኮቹ ወደሚበዙበት ከኔሬትቫ ወንዝ ምሥራቅ ወዳለ ካፌ ገባሁና ኮራ ብዬ አዘዝኩ። አስተናጋጇ ትልቅ ሴት ናቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝና በሳቅ ፈነዱ። ከዚያ በዚያች እጀታዋ ረጅም በሆነች የመዳብ ማፍያ ቡናውን አምጥተው፣ እየጠቆሙ ሦስቱንም ስም አስደገሙኝ፤ ካሕቫ፣ ካቫ፣ ካፋ። ስህተት ስል ያርሙኛል፣ ቡናው ይቀዘቅዛል። ሂሳቡን አልቀበልም አሉኝ። እስካሁን እዚያ ስገባ ሦስቱንም ደርድሬ ነው የማዘው፣ እሳቸውም ሁሌ እንደ አዲስ ይስቃሉ።

የሞስታርን የድሮ ድልድይ ማየት ትፈልጊ ነበር። በ1566 የተሠራው በኖቬምበር 9 ቀን 1993 በመድፍ ተመቶ ወንዙ ውስጥ ወደቀ፣ አሁን የቆመው በ2004 መልሰው የሠሩት ነው። የከተማዋ ስም ራሱ ከድልድይ ጠባቂዎች የመጣ ነው። በጋ ላይ ጎረምሶች ከ20 ሜትር በላይ ከሆነው ከፍታ ኔሬትቫ ውስጥ ይዘላሉ፣ ግን ቱሪስቱ በቂ ብር ሳያዋጣ ንቅንቅ አይሉም። ደግሞ ይሄን ስሚ፤ በ2005 የከተማዋ ወጣቶች ሁሉም ወገን የሚስማማበት ጀግና ፈልገው ፈልገው ማንን ቢመርጡ ጥሩ ነው? ብሩስ ሊን! መናፈሻ ውስጥ ሐውልት አቆሙለት። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን ከብዙ ንግግር የሚሻል ብልህነት ነው።

ስለ ሰላም ብዙ አወራን። ቀን ቀን የዓለምን ጦርነት እናስታርቅና ማታ በመስኮት እንጣላለን። ከመኝታ ክፍል ጓደኞቼ አንዷ መስኮት ተከፍቶ ካልሆነ እንቅልፍ አይወስዳትም፣ እኔ ደግሞ ብርዱ አጥንቴ ድረስ ይገባል። ክረምት ላይ ቡራ የሚሉት ነፋስ ከተራራው ሲወርድ በር ይገነጥላል። እሷ ትከፍታለች፣ እኔ እዘጋለሁ። ሁለት ሳምንት ተኮራረፍን። አንድ ሌሊት ሳስል ሰማችኝ መሰለኝ፣ ተነሥታ በጨለማ ዘጋችውና ተመልሳ ተኛች። ጠዋት አላነሣችውም፣ እኔም አላነሣሁትም። በማግስቱ ግን ብርድ ልብስ ደርቤ እኔው ራሴ ከፈትኩላት።

ያን ሌሊት ነው አንቺ ድቅን ያልሽብኝ። በይ፣ አሁን ልናገረው። ለቃለ መጠይቅ የገባሁ ቀን «ከጓደኛሽ ጋር ተጣልተሽ ታውቂያለሽ? እንዴት ታረቃችሁ?» ተባልኩ። ያቺን የተኳረፍንባትን ወር ነገርኳቸው። በዝናብ በስብሰሽ ቤቴ ድረስ መጥተሽ በር ያንኳኳሽው አንቺ ነበርሽ። እኔ ግን ያንኳኳሁት እኔ ነኝ አልኩ። አፌ ላይ መጣና አልኩት። ከዚያ እኔ አለፍኩ፣ አንቺ ቀረሽ። በዚያ ብቻ ነው ያለፍኩት ማለቴ አይደለም። ግን ሻንጣዬን አብረሽኝ ስትሸክፊ፣ ካልሲዬን እየጠቀለልሽ ጫማዬ ውስጥ ስትከቺ፣ ቀና ብዬ ላይሽ አልቻልኩም። እዚህ መጥቼም ስለ ድልድዩ ልጽፍልሽ እጀምርና ጉራ ይመስልብኛል፣ አጠፋዋለሁ። ስለ ብርዱ እጀምርና ዕድሉን አግኝታ ታማርራለች የምትዪኝ ይመስለኛል፣ አጠፋዋለሁ። እንዲህ እያልኩ ዓመት ሞላኝ።

ሁለተኛው ዓመት ሊጀምር ነው። የምትቆጪ ከሆነ በድምፅ መልእክት አድርጊው፣ ያንቺ ቁጣ በጽሑፍ አያምርም።