ጊሌን ለምን ዘለላችሁት?

ይድረስ ለክቡር አዘጋጅ፣

ባለፈው እትም ስለ ጩቤ ታሪክ ያወጣችሁትን ጽሑፍ እዚህ ኮምቦልቻ ሆኜ በጉጉት አነበብኩት። የጥንቷ ግብፅ ንጉሥ የቱታንክሃሙን ጩቤ ነገር በተለይ ደስ ይላል። ከ3300 ዓመት በፊት ከንጉሡ ጋር ተቀብሯል። ብረቱ ከሰማይ ከወደቀ ድንጋይ የተሠራ መሆኑን በውስጡ ባለው ብዙ ኒኬል የለዩት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ አድርገዋል። ስቲሌቶ የሚባለው የጣሊያን ጩቤም ጥሩ ተብራርቷል፤ ለመውጋት እንጂ ለመቁረጥ የተሠራ አይደለም።

ግን ደጃችን ላይ ያለው የአፋሮች ጩቤ፣ ጊሌ፣ እንዴት ይዘለላል? ሰኞ ባቲ ገበያ የወጣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ወደ ጫፉ ቆልመም ይላል፤ ስለቱ በሁለቱም ጎን ነው። መሃሉ ላይ ከእጀታው ወደ ጫፉ የሚወርድ ጉብታ አለው። ይሄ ጉብታ ለጌጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በሁለት ጎን ተስሎ የሳሳው ብረት እንዳይጎብጥ እንደ ጀርባ አጥንት ደግፎ ይይዘዋል። አፎቱ ቆዳ ነው። የሚታጠቁትም ከፊት፣ ወገብ ላይ ነው፤ እጅ ቶሎ ይደርስበታላ።

ከቀይ ባሕር ማዶ ያለው የየመኑ ጩቤ፣ ጀምቢያም፣ ቆልማማ፣ ባለ ሁለት ስለትና ባለ ጉብታ ነው። እሱንም ከፊት ይታጠቁታል። እነዚህን ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ብትጽፉልን ምንኛ ደስ ባለን! የጊሌን አሠራር የሚያውቁ አባቶች በሕይወት አሉ። እባካችሁ ሰው ልካችሁ ጠይቋቸው። ፎቶም አይረሳ፣ የአፎቱም ጭምር።

አክባሪ አንባቢያችሁ፣
ከኮምቦልቻ