ደብዳቤ ለልጄ፦ ስለሚዋኙት አይጦችሽ

ይድረስ ለልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን፤ የእናትሽ ጉልበት ብቻ ክረምቱ ሲገባ ያንኑ አመሉን ጀምሯል። የመመረቂያ ጽሑፍሽን ረቂቅ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በስልክ ብነግርሽ ትቆጫለሽ ብዬ ነው በወረቀት ያደረግሁት።

«የቅጠሉ ጭማቂ ድብርትን ያድናል» የሚለውን ሰርዢው። አንቺ ያየሽው ውሃ ውስጥ የገባችው አይጥ ሳትንቀሳቀስ ተንሳፍፋ የምትቆይበት ጊዜ ማጠሩን ነው። ፖርሶልትና ባልደረቦቹ በ1977 እ.ኤ.አ. ይህን የመዋኘት ፈተና ያወጡት የድብርት መድኃኒት ለማጣራት ነበር። አይጧ ላይ አንድ መርፌ በዚያው ቀን ለውጥ ያሳያል፤ በሽተኛው ግን ሳምንታት ይጠብቃል። ደግሞም አምፌታሚንም ሆነ ካፌይን አይጧን ያንቀሳቅሳታል። መንቀሳቀስ መዳን ቢሆንማ አቦል ጠጥቶ የሚተክዝ ሰው ባልኖረ። ስለዚህ ሜዳ ሣጥን ውስጥ፣ ማለትም ባዶና ክፍት በሆነው ሣጥን ውስጥ፣ እንቅስቃሴዋን ለብቻው ለኪ።

ዋናው ቅሬታዬ ግን ሌላ ነው። «በሴሮቶኒን በኩል ይሠራል» ብለሽ ደምድመሻል፤ በዚያ የአንጎል መልእክት አድራሽ ኬሚካል በኩል ማለትሽ ነው። ማስረጃሽ ሴሮቶኒን ላይ ከሚሠራው የድብርት መድኃኒት ከፍሉኦክሴቲን ጋር እኩል ውጤት ማምጣቱ ብቻ ነው። ሁለት ሰዎች ፒያሳ ስለተገናኙ በአንድ ታክሲ መጡ ይባላል? ትልልቆቹ፣ ራት የሚባሉት አይጦች ላይ መንገዱን ከአኳኋናቸው መለየት ይቻላል፦ ፍሉኦክሴቲን መዋኘታቸውን ይጨምራል፣ ኖራድሬናሊን በሚባለው ሌላ የአንጎል ኬሚካል ላይ የሚሠራው ዴሲፕራሚን ደግሞ ግድግዳውን ያስቧጥጣቸዋል። ያንቺ ትንንሾቹ ነጫጭ አይጦች ግን መቧጠጡ ላይ ደካሞች ናቸው፤ በዚያ አትመኪ።

የሚሻልሽ መንገዱን መዝጋት ነው። አስቀድመሽ ለጥቂት ቀናት ፒሲፒኤ ስጪያቸው፤ አንጎላቸው ሴሮቶኒን መሥራት ያቅተዋል። ያኔ ፍሉኦክሴቲን ኃይሉን ያጣል፣ ዴሲፕራሚን ግን እንደነበረ ይሠራል። ቅጠልሽም አብሮ ከደከመ፣ ያን ጊዜ ሴሮቶኒን የሚለውን ቃል ጻፊ።

እሱንም ቢሆን ረጋ ብለሽ። በ2004 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ኖራድሬናሊን መሥራት እንዳይችሉ ተደርገው በተወለዱ አይጦች ላይ የኖራድሬናሊን መድኃኒቶች አልሠሩም። ይህ ማንንም አያስገርም። የሚገርመው ፍሉኦክሴቲንም እምቢ ማለቱ ነው፤ ዘመዱ ሲታሎፕራም ግን ሠራ! እኔ ለዓመታት ሰሌዳ ላይ ሁለቱን ኬሚካሎች በሁለት ዓምድ ለያይቼ ሳስተምር ኖሬያለሁ። ያን ጽሑፍ ካነበብኩ በኋላ በመሃላቸው መስመር ማስመሩን ተውኩት። አንዱን ስትነኪ ሌላው ይሰማዋልና፣ ፒሲፒኤ መንገዱን ዘጋ ማለት ድብርት የሴሮቶኒን እጥረት ነው ማለት አይደለም። መግቢያሽ ላይ የጻፍሽውን ያንን አንቀጽ እንደገና እይው።

ከፈተናው በኋላ አይጦቹን በፎጣ አድርቂያቸው፤ ረቂቁ ውስጥ አልጠቀስሽውም። ሠንጠረዥ 3ን ስታስተካክዪ ላኪልኝ፤ መነጽሬን አሠርቼያለሁ።

አባትሽ