ለእናቴ፦ ስለ ዳለቻ ግልገሎች

ጅማ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

አሰላሙ ዓለይኩም እማ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ዝናቡ እስካሁን አልለቀቀንም፤ ግቢው ገና ጭቃ ነው። ይህን የምታነብልሽ የእህቴ ልጅ አደራ፣ ቀስ ብላ ታንብብልሽ፤ የሚያሳዝንሽ ነገር ስላለበት ዘላ እንዳታልፈው።

በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። አምና የፍየሏ የዳለቻ ወንዱ ግልገል የት ደረሰ ብለሽ ስትጠይቂኝ «ሸጥኩት» ብዬሽ ነበር። አልሸጥኩትም እማ፤ ሞተብኝ። የሞተውም በእኔ ጥፋት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወተት ፈላጊው በዝቶ ነበር። የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያም ደርሶብኛል። ግልገሉ ገና ስድስት ሳምንቱ ነው። ቅጠል ሲነካካ አየሁና «በቃ፣ መብላት ጀመረ» አልኩ። ባንድ ቀን ከእናቱ ለይቼ ማዶ ካለው ጋጣ ብቻውን አሰርኩት። ሁለት ቀን ሙሉ ጮኸ። በሦስተኛው ቀን ዝም ሲል «ለመደ» ብዬ ደስ አለኝ። ሳምንት ሳይሞላው አስቀመጠው፤ ተቅማጡ ደም ቀላቀለ። ሐኪም ጠርቼ ሲደርስ ዓይኑ ጎድጉዶ፣ ቆዳው ቢቆነጠጥ አልመለስ ብሎ ነበር። ኮክሲዲያ ነው አለኝ፤ በእርጥብ ወለል ላይ የሚቆይ፣ ግልገል ሲደነግጥና ሲራብ የሚበረታበት ተውሳክ ነው። ማታውን እጄ ላይ ሞተ። ዳለቻ ማዶ ሆና ስትጠራው አደረች።

ያንቺ ፍየል ዘር ስለሆነ እውነቱን ልነግርሽ አፈርኩ። አውፍ በይኝ።

ሐኪሙ ያን ቀን ያስረዳኝን ግን አልረሳሁትም። ግልገል ሲወለድ ትልቁ ጨጓራ ገና አይሠራም፤ የሚጠባው ወተት እሱን አልፎ በቀጥታ ወደ አራተኛው የሆድ ክፍል ይወርዳል። ትልቁ ጨጓራ የሚያድገው ደረቅ ምግብ በገባበት ቁጥር ነው፤ ለሥራ የሚደርሰውም በስምንት ሳምንት ግድም ነው። እኔ በስድስተኛው ሳምንት ወተቱን ስነጥቀው በሆዱ ውስጥ ቅጠሉን የሚፈጭለት ነገር አልነበረም። በልቶ ተርቧል ማለት ነው።

ባለፈው ሐምሌ 10 ዳለቻ መንታ ወለደችልኝ፣ ሴትና ወንድ። በተወለዱ በሰዓቱ እንገሩን ሁለቱም እስኪጠግቡ አጠባኋቸው። ከዚያ በኋላ የሠራሁት ሁሉ ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ እያለን አንቺ ስትሠሪ ያየሁትን ነው። ትዝ ይልሻል፣ አንዱን ጡት ለቤት ታልቢና ሌላውን «ይሄ የልጇ ነው» ብለሽ ትተይው ነበር? ልጅ ሆኜ ብክነት ይመስለኝ ነበር። እስከ ስምንት ሳምንት ድረስ እንደዚያው አደረግሁ። ወተት የሚወስዱትን ጎረቤቶችም «እስከ መስቀል ጠብቁኝ» አልኳቸው፤ አንዷ ትታኝ ሄደች፣ ሌሎቹ ጠበቁ።

መስከረም ሲጠባ ግልገሎቹን ለሌሊት ብቻ ከእናታቸው መለየት ጀመርኩ። በመካከላቸው አጥር አለ፤ ይተያያሉ፣ ይሸታተታሉ፣ መጥባት ግን አይችሉም። ጠዋት አልባለሁ፣ ከዚያ ቀኑን አብረው ይውላሉ። ጨርሼ የለየኋቸው በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት ነው። ያኔም ግልገሎቹን ከለመዱት ቤት አላስወጣኋቸውም፤ ወደ ማዶ የሄደችው ዳለቻ ናት። መንታ መሆናቸውም በጀ፤ ተቃቅፈው ያድራሉ። አንድ ቀን ተኩል ጮኹና ወደ ፉርሽካቸው ተመለሱ።

በዕድሜ ብቻ አልተማመንኩም። ቡና የሚመዘንበትን ተንጠልጣይ ሚዛን ከጎረቤት ተዋስኩ፤ ማዳበሪያ ከረጢት ለእግር አራት ቦታ ቀድጄ ግልገሏን ከተትኩና አንጠለጠልኳት። አራት እግሯን አንጠልጥላ ዝም ብላ ታየኛለች፤ ብታዪያት በሳቅ ትሞቻለሽ። ስትወለድ 2 ኪሎ ከ200 ነበረች፣ ከእናቷ በለየኋት ቀን 7 ኪሎ ተኩል ሆነች። ሐኪሙ ከልደት ክብደቷ ሁለት እጥፍ ተኩል ሳይሞላ እንዳታስጥዪ ብሎኝ ነበርና ልቤ ዐረፈ። ወለሉንም ከመሬት ከፍ አድርጌ በባሕር ዛፍ ርብራብ ሠራሁት፤ ሽንትና በጠጡ ወደ ታች ይወርዳል፣ ሆዳቸው ደረቅ ላይ ያድራል። ለጅማ ዝናብ ሌላ መላ የለውም።

አንድ ነገር ላይ ግን ካንቺ እለያለሁ። ጡቱን እበት መቀባት ተውኩ። ግልገሉን ያስጠላዋል፣ እውነት ነው፤ ግን ቆሻሻው በጡቷ ቀዳዳ ይገባና ግቷን ያሳብጣል። አሁን ሳልብ የመጀመሪያዋን ጠብታ ጥቁር ጨርቅ ላይ አፈሳለሁ፤ የረጋ ነገር ካለበት ቶሎ ይታየኛል።

ስለ ግት ካነሳሁ፣ እዚህ ግቢው ሁሉ አቮካዶ መሆኑን ታውቂያለሽ። ልጆቹ ቅርንጫፉን ቆርጠው ለፍየሎቹ ሲጥሉ ደረስኩባቸው። የአቮካዶ ቅጠል የምታለብ ፍየል ከበላችው ግቷን ያሳብጣል፣ ወተቷን ያደርቃል፣ ከበዛም ልቧን ይጎዳል። ይህን አንቺም አልነገርሽኝም፣ እኔም እዚህ መጥቼ ነው የተማርኩት። አሁን የምሰጣቸው ዝሆኔ ሣርና ሰስባንያ የሚባል የመኖ ዛፍ ቅጠል ነው፤ ለምታለበዋ ኖግ ፋጉሎ እጨምራለሁ።

ወንዱን አራት ወር ሳይሞላው ለብቻው አደርገዋለሁ፤ ከዚያ ካለፈ እህቱንም እናቱንም ሊያጠቃ ይችላል። ለዐረፋ ዓመት ስለማይሞላው ለኡድሒያ እርድ አይሆንም፤ የሚመጣውን ዓመት ይጠብቃል።

አሁን የምጠይቅሽ ስለ ዳለቻ ነው። የፊት ጥርሷ ሁለቱ ወልቋል፣ ሁለቱ ይነቃነቃል። ትበላለች፣ ግን ከሌሎቹ ወደ ኋላ ትቀራለች። መንታውን ስታጠባ ጀርባዋ ወጥቷል። ሰሞኑን ጅራቷን ማወዛወዝ ጀምራለች፣ አውራው ያለው ሰውዬም «አምጪያት» ይለኛል። ብትጠቃ እርግዝናው አምስት ወር ነው፤ መጋቢት ላይ፣ ሣር ሳይበቅል ትወልዳለች። እኔ ይህን ዙር ልዝለላት፣ ታገግም፣ ወተቷን ቀስ ብዬ ላንጥፍ ብዬ አስባለሁ። ባለቤቴ ደግሞ ሐሙስ ሒርማታ ገበያ ወስደን እንሽጣት ይላል። ፍየሏ ያንቺ ናት፤ ከአባባ ጋር ሆናችሁ ስትሰጡኝ ገመዷን አንቺ ነበርሽ የያዝሽው። ሐሙስ ሳይደርስ ደውዪልኝ፤ ይህን አንቺ ሳትነግሪኝ አልወስንም።

ልጅሽ