ከዝርያው ባልተናነሰ የአራሷ ላም መኖ ይታሰብበት

ለተከበረው ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ወተት ዋጋ መናርና ስለ አቅርቦቱ ማነስ በጋዜጣችሁ የወጡትን ጽሑፎች በጥሞና ተከታትያለሁ። ሁሉም ማለት ይቻላል የሚደርሱት አንድ መደምደሚያ ላይ ነው፤ ዝርያ ይሻሻል፣ ማዳቀል ይስፋፋ፣ የዲቃላ ላሞች ቁጥር ይብዛ የሚል። ሐሳቡን አልቃወምም። ከአገራችን 70 ሚሊዮን ገደማ የቀንድ ከብት 97 በመቶ ያህሉ የአገር ውስጥ ዝርያ እንደሆነ፣ የአንዲት የአበሻ ላም የቀን ወተትም በአማካይ ከአንድ ሊትር ተኩል ብዙ እንደማይርቅ እየታወቀ፣ ማዳቀል አያስፈልግም የሚል ባለሙያ አይኖርም። ይሁን እንጂ በሆለታና በአካባቢዋ ከሃያ ዓመት በላይ ከብት ሳክም እንዳየሁት፣ በብዙ ድካምና ወጪ የተገኘች የፈረንጅ ላም የምትሞተው፣ ወይም ወተቷ ነጥፎ ለሥጋ የምትሸጠው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከመውለዷ በፊት ባሉት ሦስት ሳምንታትና ከወለደች በኋላ ባሉት ሦስት ሳምንታት ውስጥ በበላችው ወይም ባልበላችው ነገር ሰበብ ነው። ስለዚህ ስለ እነዚህ ስድስት ሳምንታት ጥቂት እንድጽፍ ይፈቀድልኝ።

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር አንድ ቀን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። የደወሉት በጡረታ ላይ ያሉ አንዲት እናት ሲሆኑ፣ ማታ የወለደችው ላማቸው መነሣት አቅቷት ነበር። ስደርስ አራተኛ ጥጃዋን የወለደችው ጥቁርና ነጭ ላም አንገቷን ወደ ጎኗ አጥፋ ተኝታለች፤ ጆሮዋን ስዳብሰው እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል፣ አፍንጫዋ ደርቋል፣ ሆዷ መነፋት ጀምሯል። አንድ ጎረቤት ምች ነው ብለው ዳማከሴ ጨምቀውባታል፤ ሌላው ደግሞ ለአራስ ሴት እንደሚደረገው አጥሚት በጠርሙስ ሊግቷት እየተዘጋጁ ነበር። ለጠርሙሱ በመድረሴ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ፤ በዚያ ሁኔታ ላይ ያለች ላም መዋጥ ስለሚያቅታት፣ በአፏ የሚፈስሰው ነገር ወደ ሳንባዋ ገብቶ ከሕመሙ የባሰ ሊገድላት ይችላል። ካልሲየሙን በደም ሥሯ፣ ልቧን እያዳመጥኩ፣ ቀስ እያደረግሁ ሰጠኋት። ጠርሙሱ ሳያልቅ ጡንቻዎቿ መንቀጥቀጥ ጀመሩ፣ አገሳች፣ አፍንጫዋ ላይ ላብ ወጣ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ በራሷ ተነሥታ ጥጃዋን ላሰች።

ባለቤቷ እንባቸውን እየጠረጉ፣ «ልጄ፣ እኔ እኮ ምንም አላጎደልኩባትም፤ ወተቷ ከነጠፈ ጀምሮ ፉርሽካውን አብዝቼ፣ ዝሆኔ ሣሩን ከጓሮ እያጨድኩ፣ ሞላሰሱን ጨምሬ ነው ያበላኋት» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ አላጎደሉባትም። ችግሩ ያለው በሰጧት ላይ መሆኑን ለማስረዳት ግን ያን ሌሊት አልበቃኝም፤ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የተነሣሁትም በዚህ ምክንያት ነው።

«የወተት ትኩሳት» የምንለው ይህ ሕመም ስሙ ያሳስታል፤ ላሟ እንደውም ሙቀቷ ከተለመደው ይወርዳል እንጂ ትኩሳት የላትም። የአንዲት ላም የደም ፈሳሽ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ካልሲየም በጠቅላላው 3 ግራም ያህል ሲሆን፣ 10 ሊትር እንገር ግን 23 ግራም ገደማ ይዞ ይወጣል። ይህ ጉድለት የሚሞላው ከአጥንቷና ከምትበላው መኖ ነው፤ ሰውነቷ ግን ይህን የመቅዳት ሥራ ለመጀመር አንድ ሁለት ቀን ይፈጅበታል። ድሮ የካልሲየም መርፌ ሳይታወቅ፣ የዴንማርኩ የእንስሳት ሐኪም ሽሚት በ1897 እ.ኤ.አ. መድኃኒት ወደ ግት በማስገባት የጀመረውን መንገድ በመከተል፣ በኋላ ግቷን በፓምፕ አየር እየነፉ ያድኗት ነበር፤ ነገሩ ቀልድ ይመስላል፣ ነገር ግን አየሩ የወተቱን መመረት ስለሚገታ የካልሲየሙም መፍሰስ ይቆም ነበር። ሕመሙ የደም ካልሲየም ማነስ መሆኑን ድራየርና ግሬግ የተባሉ የስኮትላንድ ተመራማሪዎች ያመለከቱት በ1925 እ.ኤ.አ. ነው።

እንግዲህ ካልሲየም አነሳት ከተባለ፣ ከመውለዷ በፊት ካልሲየም እናብላት የሚል ሐሳብ ወዲያው ይመጣል። እኔም ተማሪ ሳለሁ እንዲሁ ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን በአሜሪካ በአዮዋ ግዛት ጎፍና ሆርስት የተባሉ ተመራማሪዎች በ1997 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት እንዳሳየው፣ በመኖው ውስጥ ያለውን ካልሲየም ከፍ ዝቅ ማድረጉ ያመጣው ልዩነት የለም፤ ፖታሲየም የተባለው ሌላው ማዕድን ሲጨምር ግን የሚታመሙት ላሞች በግልጽ በዙ። ፖታሲየም ሲበዛ የላሟ ደም የአሲድ ተቃራኒ ወደ ሆነው ወደ አልካላይነት ያደላል፤ በዚህ ጊዜ ካልሲየምን ከአጥንት እንዲወጣ የሚያዘው ሆርሞን ቢመነጭም አጥንቷና ኩላሊቷ እንደሚገባው አይታዘዙለትም።

ይህ ጥናት የአዮዋ ይሁን እንጂ ለእኛ ግቢ የተጻፈ ያህል ነው። በከተማና በከተማ ዳር ያለ ወተት አርቢ የበረቱን እዳሪና ሽንት የሚያፈስሰው ከበረቱ ሥር በተከለው ዝሆኔ ሣር ላይ ነው፤ ሣሩ ለምልሞ ያድጋል፣ አረንጓዴነቱም ያጓጓል፤ ነገር ግን ከሽንቱ የሚመጥጠው ፖታሲየም በውስጡ ይከማቻል። ሞላሰስም ፖታሲየሙ ብዙ ነው። ፉርሽካ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ ካልሲየሙ እጅግ ጥቂት ሆኖ ፎስፈረሱ ከእሱ ብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ፎስፈረስ ከልክ ሲያልፍ ኩላሊቷ ቫይታሚን ዲን ለሥራ ዝግጁ የሚያደርግበትን መንገድ ያውካል። እነዚያ እናት ሦስቱንም አንድ ላይ፣ በፍቅርና በገንዘባቸው ነበር የሰጧት። ለመጨረሻዎቹ ሦስት ሳምንታት በዝናብ ብቻ ከበቀለ መስክ የታጨደ ድርቆሽ ዋናው መኖዋ ቢሆን፣ ድብልቁ በልክ ቢሰጥ፣ ሞላሰሱ ቢቆም፣ ለምለሙም ሣር ወተት ለሚታለቡት ላሞች ቢቀመጥ፣ ወጪው ከቀድሞው ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

ሁለተኛው ችግር ድምፅ የለውም። ላሟ ከወለደች ከአንድ ወር እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ወተቷ ከፍተኛው ደረጃ ላይ ይደርሳል፤ የመብላት አቅሟ ግን ከዚያ በኋላ ብዙ ሳምንታት ቆይቶ ነው የሚሞላው። በመካከሉ ያለውን ጉድለት የምትሸፍነው ከገላዋ ስብ ነው። ስቡ በብዛት ወደ ጉበቷ ሲጎርፍ ጉበቷ ይደክማል፤ በደሟ ውስጥ ኬቶን የተባሉ ንጥረ ነገሮች ይከማቻሉ፤ ትንፋሿና ወተቷ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚመስል ሽታ ያመጣል። ፉርሽካውን ንቃ ጭድ ብቻ የምትለቃቅም አራስ ላም ካያችሁ አማረጠች አትበሉ። በነጠፈችበት ጊዜ ጎድኗ እስኪጠፋ የሰባች ላም ለዚህ ሕመም ይበልጥ የተጋለጠች ናት፤ እኛ አገር ግን የሰባች ላም የባለቤቷ ኩራት ናት።

እዚህ ላይ ጾሙ ይነካዋል። በዐቢይ ጾም የወተት ገበያ ሲቀዘቅዝ ብዙ አርቢዎች የፋጉሎና የፉርሽካውን መጠን ይቀንሳሉ፤ ዕለታዊ ገቢ ለሌለው ሰው አያስደንቅም። ነገር ግን በየካቲት የወለደች ላም ጾም አታውቅም፤ መኖው ቢቀነስባትም ወተቱን ከገላዋ እየቀዳች መስጠቷን ለተወሰነ ጊዜ ትቀጥላለች፤ ፋሲካ ሲደርስና ወተት ሲፈለግ ግን ከስታ፣ ወተቷ ወርዶ፣ ለቀጣዩ እርግዝና የሚጠበቀው ኮርማ የመፈለግ ምልክትም ጠፍቶባት ትገኛለች። አዳቃዩ «አልያዘላትም» ይላል፤ የጠፋው ግን መኖው ነው። መቀነስ ግድ ከሆነ፣ ልትነጥፍ በደረሰችው ላም ላይ ይሁን እንጂ በአራሷ ላይ አይሁን ብዬ ደንበኞቼን እለምናለሁ።

ስለ ድብልቅ መኖ አንድ ቅሬታ አለኝ። ለራሴ ሁለት ላሞች የገዛሁት ጆንያ ላይ የአምራቹ ምልክት በትልቁ ታትሟል፤ ስንት በመቶ ፕሮቲን፣ ስንት ካልሲየም፣ ስንት ፎስፈረስ እንዳለው ግን አንድ ፊደል አልተጻፈም። ሻጩን ብጠይቀው፣ «ዶክተር፣ ላሞቹ ይወዱታል» አለኝ። አልዋሸም፤ ይወዱታል። ለነጠፈች ላምና ለምትታለብ ላም የሚሸጠው ግን ያው አንዱ ጆንያ ነው፤ የሁለቱ ፍላጎት የማይገናኝ መሆኑ በምርምር ጣቢያዎቻችንም ሆነ በቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ለዓመታት ሲሰጥ የኖረ ትምህርት ነው።

በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ብዙ ሰው ላም እንዲያረባ እንዳነሣሣ አልክድም። ለሚመለከታቸው አካላት የማቀርበው ጥያቄ ግን ውስን ነው፤ የመኖ ጆንያ ላይ የንጥረ ነገሩ መጠን እንዲጻፍ ይገደድ፤ ለነጠፈች ላም ብቻ የሚሆን ድብልቅ ለብቻው ይመረት፤ በየወረዳው የእንስሳት ክሊኒክም የካልሲየም ጠርሙስ ቅዳሜና እሑድን ጨምሮ አይጥፋ፤ ላም የምትወልደው በሥራ ሰዓት ብቻ አይደለምና። የጋዜጣው ዝግጅት ክፍልም ስንት ላሞች እንደተዳቀሉ በሚዘግብበት ጊዜ፣ ከወለዱት መካከል በሁለተኛው ወር ቆመው የሚታለቡት ስንት እንደሆኑ ደርቦ ቢጠይቅ መልካም ነው።

የእነዚያ እናት ላም ዘንድሮም በጥቅምት ትወልዳለች። ዝሆኔ ሣሩ ለምትታለበው ሌላዋ ላማቸው ተላልፎ፣ ለእሷ ከሙሎ መንገድ ድርቆሽ ተገዝቶላታል፤ ስልኬንም ሌሊት አላጠፋውም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የእንስሳት ሐኪም፣ ከሆለታ