የሙዚቃ ክበብ፦ ስምንት ትራክ ለአንድ ችክችካ

ክበባችን በ2017 የትምህርት ዘመን ከፋብሪካ ተሞልቶ የመጣውን የኪቦርድ ሪትም ትቶ የራሱን ምት በሲኩዌንሰር (የተጫወቱትን መዝግቦ መልሶ በሚያጫውት መሣሪያ) መሥራት ጀምሯል። በኪቦርዶች ውስጥ ቫልሱም ሳምባውም ሞልቷል፤ ችክችካ ግን ከስንት አንዱ ላይ ነው፤ ቢገኝም የሌላ ሰው ከበሮ ነው።

ዕቃችን ጥቂት ነው፦ ባለ 8 ትራክ ሲኩዌንሰር፣ በ16 ቻናል የተለያየ ድምፅ ማሰማት የሚችል ኪቦርድና ሁለት የሚዲ ገመድ (ሚዲ የሙዚቃ መሣሪያዎች መልእክት የሚለዋወጡበት መንገድ ነው)። አንዱ ገመድ ከኪቦርዱ «አውት» ወደ ሲኩዌንሰሩ «ኢን»፣ ሌላው ከሲኩዌንሰሩ «አውት» ወደ ኪቦርዱ «ኢን» ይሰካል። ገመዱ 5 እግር ቢኖረውም ሥራ ላይ ያሉት ሦስቱ ናቸው፤ መልእክቱ በ4 እና በ5 ያልፋል፣ 2 መከለያው ነው። ከአሮጌ ቴፕ የተረፈ፣ ሶኬቱ ተመሳሳይ የሆነ ገመድ አይታመንም፤ ውስጡ ተገላብጦ የታሰረ ሊሆን ይችላል። ርዝመቱም ከ15 ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል።

ሲኩዌንሰሩ የሚይዘው ድምፅ ሳይሆን የትኛው ቁልፍ መቼና በምን ኃይል እንደተመታ፣ መቼም እንደተለቀቀ ነው። ስለዚህ በጊታር ድምፅ የተቀዳ ዜማ በኋላ በዋሽንት ሊሰማ፣ ፍጥነቱም ቃናው ሳይነካ ሊቀየር ይችላል። አንድ ቁልፍ ተነክቶ ድርብና ቀፋፊ ድምፅ ከወጣ ኪቦርዱ አንዴ ራሱ፣ አንዴ ደግሞ ከሲኩዌንሰሩ በተመለሰው መልእክት እየተጫወተ ነው። መድኃኒቱ የኪቦርዱን «ሎካል» (ቁልፉ የኪቦርዱን የራሱን ድምፅ በቀጥታ እንዲያሰማ የሚያደርገውን) ማጥፋት ነው። ታዲያ ገመዱን ነቅሎ ኪቦርዱን ብቻውን የሚጫወት አባል «ሎካል»ን መልሶ ያብራ፤ አለበለዚያ ኪቦርዱ የተበላሸ ይመስላል።

አባላትን ከሁሉ በላይ ያደናገረው የትራክና የቻናል ልዩነት ነው። ትራክ የተቀዳው የሚቀመጥበት ነው፤ ቻናል የሚላክበት አድራሻ ነው። ከበሮው በትራክ 1፣ ጭብጨባው በትራክ 2 ቢሆኑም ሁለቱም ወደ ቻናል 10 ይሄዳሉ፤ በጄኔራል ሚዲ (መሣሪያዎች በሚጋሩት የድምፅ አደላደል) የምት መሣሪያዎች ቦታ እሱ ነውና። ቤዙ በትራክ 3፣ ቻናል 2፣ ፕሮግራም (የድምፁ ቁጥር) 34 ነው፤ በክራር ፈንታ የናይለን ጊታር (ቻናል 3፣ ፕሮግራም 25)፣ በማሲንቆ ፈንታ ቫዮሊን (ቻናል 4፣ ፕሮግራም 41) ይገባል። ቤዝና ክራር አንድ ቻናል ከተሰጣቸው የአንዱ ድምፅ ሲቀየር የሌላውም አብሮ ይቀየራል። ቁጥር ከ0 የሚጀምር መሣሪያ ላይ ደግሞ 34 የሚባለው 33 ነው። ትራክ 7 እና 8 ሁልጊዜ ለሙከራ ባዶ ይቀመጣሉ።

ምቱ ላይ ብዙ ቆይተናል። ሲኩዌንሰሩ በሩብ ኖታ ይቆጥራል፤ ችክችካ ደግሞ በ6/8 ሁለት ጠንካራ ምት አለው፣ እያንዳንዱ ለሦስት የሚከፈል። 6/8ቱ እንዳለ ከገባ ሜትሮኖሙ በአንድ ባር ሦስት ጊዜ ይመታል፣ እጅ ሁለት ይላል፣ ከዚያ በኋላ የሚጣጣም ነገር የለም። መፍትሔው ባለነጥቡን ሩብ (ሦስት ስምንተኛ የሚይዘውን) እንደ ተራ ሩብ መቁጠር ነው፦ ቴምፖው 180 መሆኑ ቀርቶ 120 ይሆናል፣ ኳንታይዙ (የተመታውን ወደ ቅርቡ ትክክለኛ ቦታ የሚስበው) በስምንተኛ ትሪፕሌት፣ ማለትም ሩቡ ለሦስት ተከፍሎ፣ ይደረጋል፣ አራት ባር 8 ምት ይሆናል። መሣሪያው ሩቡን ለ96 ስለሚከፍለው እያንዳንዷ ስምንተኛ በትክክል 32 ታገኛለች። ለከበሮው ወፍራም ፊት ኖታ ቁጥር 64፣ ለቀጭኑ 63፣ ለጭብጨባው 39 ይጠቅማል። በፊደል መጥራት አያስተማምንም፤ 60ን አንዱ አምራች ሲ3፣ ሌላው ሲ4 ይለዋል።

ሉፕ እየዞረ ሲቀዳ የመጀመሪያውን ምት ትንሽ ቀድሞ የመታ ተማሪ ስሕተቱን አይሰማውም። ፓርቱ (የተቀዳው ክፍል) ከመነሻው ሲጫወት ግን የመጀመሪያዋ ከበሮ የለችም፤ ሉፑ መጨረሻ ላይ ተጣብቃለች። ከበሮ፣ ጭብጨባና ቤዝ ኳንታይዝ ይደረጉ፤ ማሲንቆው ግን በምንም ምክንያት አይነካ። የማሲንቆ ጣዕሙ ከምቱ ትንሽ ዘግይቶ መግባቱ ነው፤ ሲስተካከል የስልክ ጥሪ ይመስላል።

ዘፋኟ «ከፍ አለብኝ» ስትል ሙሉው ፓርት በሁለት ግማሽ ድምፅ ዝቅ ይደረጋል፤ ከትራክ 1 እና 2 በስተቀር። እነሱ አብረው ከወረዱ 64 ወደ 62 ሄዶ ወፍራሙ ከበሮ የታፈነ ኮንጋ ይሆናል፤ ጭብጨባውም ወደ 37 ወርዶ የእንጨት ቅጭልታ ይሆናል። ኪቦርዱ አፍተርተች ካለው ከመቅዳት በፊት ይጥፋ። ጣት በተጫነ ቁጥር የሚልከው መልእክት ማስታወሻውን በከንቱ ይሞላል፣ መስመሩንም ያጨናንቃል። የሚዲ መስመር በሰከንድ 31,250 ቢት ብቻ ስለሚያሳልፍ አንድ ኖታ ወደ 1 ሚሊሰከንድ ይወስዳል።

ፒያሳ መብራት ሲጠፋ ያልተቀመጠ ሥራ አይመለስም፤ አንድ ትራክ ባለቀ ቁጥር ሳያስቀምጡ ሌላ አይጀመርም።

በሰኔው የወላጆች ቀን ክራር በቀጥታ ከሲኩዌንሰሩ ጋር ቀርቧል። ክራሩ በኪቦርዱ ይቃኛል እንጂ ኪቦርዱ በክራሩ አይቃኝም፤ ትዝታ ከሲ ሲነሣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው። መሣሪያው ዘፋኝ ስለማይጠብቅ የትዝታው መግቢያ በእጅ ብቻ ተጫውቶ ሲያበቃ የሁለት ባር ጭብጨባ ገባ፣ ከዚያ ከበሮው። ለክራር ተጫዋቹ የራሱ ድምፅ ማጉያ ከጎኑ ባይቀመጥለት ጭብጨባውን አይሰማውም ነበር።

ለ2018 የድራም ማሽን ይጨመራል። የሚዲ ክሎክ (መሣሪያዎችን በአንድ ፍጥነት የሚያስኬደው ሰዓት) በሩብ ኖታ 24 ምልክት ይልካል፤ ሲኩዌንሰሩ «ኢንተርናል» (በራሱ ሰዓት)፣ ድራም ማሽኑ «ኤክስተርናል» (በሌላው ሰዓት) መሆን አለባቸው። ሁለቱም «ኢንተርናል» ላይ ከቀሩ አብረው ጀምረው ጥቂት ባር ሳይሄዱ ይለያያሉ። ሲኩዌንሰሩ አንድ «አውት» ብቻ ስላለው ድራም ማሽኑ ከኪቦርዱ «ትሩ» (የገባውን መልእክት እንዳለ ከሚያሳልፈው ሶኬት) ይያያዛል፤ ለዚህም ሦስተኛ ገመድ ያስፈልጋል።